ባሕሩ ስንት ጫማ ነው

ስሜት የሌለው፣ ትንፋሽ እንኳ የማይወስድ የማሽን ድምፅ ከስልክ ሲወጣ በሰማሁ ቁጥር፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ዳር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ የነበረው አፓርታማችን ይመለስብኛል፤ አባቴ ከዌርሃውስ ሥራው መጥቶ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን እንደ ራዲዮ ጆሮው ሥር ይዞ። ድምፁ የሚያነበው የባሕር ጠባይ ነበር፤ ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ማዕበሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ትንንሽ ጀልባዎች ከወደብ እንዳይወጡ። ከኮሎምበስ ተነሥቶ ባሕር ለማየት ቀኑን ሙሉ መንዳት ያስፈልጋል፤ እኛ ቤት ግን ሰመር ከገባ እስከ ኅዳሩ የታንክስጊቪንግ በዓል ድረስ ወጀብ አይጠፋም ነበር።

ምክንያቱ ዮናስ ነው። ዮናስ የአባቴ የመጀመሪያ ልጅ፣ በእናት የምንለያይ ወንድሜ ነው። አባቴ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ልጁን ገና በአምስት ዓመቱ ለአያቱ ትቶት መጣ፣ ከዚያ ነገ ዛሬ ሲባል ልጁ አደገና፣ ባሕር የሌለው አገር ልጅ ባሕር ዳር ተምሮ፣ የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ተቀጠረ። እናቴ «ዮናስ ብለህ ስም አውጥተህለት ባሕር መግባቱ ምን ይገርምሃል» እያለች ታሾፍበት ነበር፤ ሌላ ጊዜ ለቀልድ የማይሰንፈው አባቴ በዚች ግን አይስቅም።

በ2020 ሰመር አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በኮሮናው ምክንያት ትምህርት በኮምፒውተር ሆኖ እኔ ቤት ተዘግቼ፣ የዮናስ መርከብ ደግሞ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ከወደብ ወደብ ትመላለስ ነበር፤ ያን ዓመት ሃሪኬን የሚሉት ወጀብ ከመብዛቱ የተነሣ ለዓመቱ የተዘጋጀለት የስም ዝርዝር አልቆ በግሪክ ፊደል ይጠሩት ጀመር። አባቴ እንግሊዝኛው ለሥራ የሚበቃ ቢሆንም ያ ማሽን ሲፈጥንበት ስለማይከተለው፣ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ያስተረጉመኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የእንግሊዝኛውን የከፍታ መለኪያ ቃል በቃል ወስጄ «ባሕሩ አሥራ ሁለት እግር አለው» ብዬ ተረጎምኩለት። አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀና «እግር አይደለም፣ ጫማ ነው የሚባለው» አለኝ፤ እኔም አሥራ ሁለት ጫማ ያደረገ ባሕር እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ግራ ተጋብቼ ኖርኩ። ሳቁን ግን ወድጄው ሳልጨርስ፣ ለዮናስ ለመንገር ስልኩን አነሣ።

እቀና ነበር። የምቀናው ለዮናስ በሚላክለት ዕቃ ወይም በሚመሰገንበት ነገር አልነበረም፤ አባቴ ለሱ በሚጨነቀው ጭንቀት ነበር የምቀናው። እኔ ስታመም አባቴ መድኃኒት ይገዛል፣ ፈተና ስወድቅ ይቆጣል፣ በዚያው ይረሳዋል፤ ለዮናስ ሲጨነቅ ግን እህል አልበላ ይለዋል። ፊቱ እንደዚያ ለኔ ጠቁሮ አይቼው አላውቅም። እናቴ ገብቷት «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ብላ ታጽናናኝ ነበር፤ እኔ ግን መዳብ የሚለውን ብቻ ይዤ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

ስለዚህ የኔ ደስታ በረዶው ነበር። የክፍሌ ልጆች ሰመርን ሲናፍቁ፣ እኔ የሃሪኬኑ ጊዜ አልፎ መኪናችን በበረዶ የሚሸፈንበትን ቀን እጠብቃለሁ፤ ያኔ አባቴ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ትቶ፣ አካፋ አስይዞኝ፣ አብረን በረዶ ስንዝቅ ውለን፣ ጣቶቼን በእጆቹ መሐል እያሸ ያሞቅልኝ ነበር። እነዚያ ወራት ግን ቶሎ ነበር የሚያልፉት።

በሚቀጥለው ሰመር የራሴ ባሕር አማረኝ። ክሊቭላንድ ከተማ ወስደህ ባሕር የሚያህለውን ሐይቅ አሳየኝ ብዬ ብለምነው፣ ለቀልድ እዚያው ኮሎምበስ ያለው ክሊቭላንድ አቬኑ የሚባል መንገድ ወስዶ ሳምቡሳ ገዝቶልኝ ተመለሰ። ኩርፊያዬ ሳምንት ሲያልፍ ግን ለቅዳሜ ቃል ገባልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ፎጣዬን ይዤ መኪናው ውስጥ ገብቼ፣ እሱም ሞተር እንዳስነሣ፣ ስልኩ በማስጠንቀቂያ መልእክት ጮኸ። ሃሪኬኑ ወደ ዳርቻው እየቀረበ ነው፤ ዮናስ ያለበት ወደብ ሊዘጋ ነው፣ መርከቦቹም ወደ ባሕር እንዲወጡ ታዘዋል።

«ፖርቱ ክሎዝ ሲሆን ለምን ያስወጧቸዋል? ቤት የገባን ሰው ዝናብ ላይ ያስወጡታል?» አለኝ።

ወደብ ውስጥ ከቆሙ ማዕበሉ ከግንቡ ጋር እያላተመ እንደሚሰብራቸው፣ ሰፊው ባሕር ላይ ግን ከወጀቡ መሸሽ እንደሚችሉ አንብቤ ነገርኩት። አላመነኝም። የማዕበሉን ከፍታ ጠየቀኝ፣ ሃያ አምስት ጫማ አልኩት፤ መሪውን እንደያዘ ቀረ፣ ከፓርኪንጉም አልተንቀሳቀስንም። ያኔ ነው የፈነዳሁት።

«እኔስ ዳድ? የምትጨነቅልኝ ባሕር ላይ ብሆን ነው?»

ሞተሩን አጠፋው። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«አንቺን አሳድጌሻለሁ። ስታስነጥሺ ይማርሽ ብዬሻለሁ፣ ሳልችልበት ፀጉርሽን ሠርቼልሻለሁ። ለሱ ከጭንቀት ሌላ የሰጠሁት ነገር የለም። እሱንም አትንጠቂው።»

«ኦኬ» ብዬ ፎጣዬን ይዤ ወረድኩ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ቅናቴ ግን ስለገባኝ ብቻ የሚበርድ አልነበረም። ሐይቁንም ሳናይ ሰመሩ አለቀ።

ወጀቡ መሬት ገብቶ ከተበተነ በኋላ ዮናስ ደወለ፤ መርከባቸው ደኅና ነበረች። አባቴ አልቅሶ፣ እግዜርን አመስግኖ ሲያበቃ ስልኩን ወደኔ ዘረጋው፤ ዮናስ ሊያናግረኝ ፈልጎ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር። ትንበያውን የማነበው እኔ መሆኔን ካረጋገጠ በኋላ ስለ ባሕሩ ምንም አላወራም።

«አባዬ ጠዋት ምን ይበላል?» አለኝ። «ሲተኛ ያንኮራፋል? ሲቆጣስ ምንድን ነው የሚለው?»

እንቁላል በቃሪያ እንደሚወድ፣ እንደሚያንኮራፋ ነገርኩት። እያንዳንዱን መልስ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይደግመዋል፤ በድምፁ ውስጥ የኔውን ቅናት አወቅሁት። ሲቆጣ የሚለውን ግን አልነገርኩትም። ስለ በረዶውም አልነገርኩትም፤ ጥቂት ለራሴ አስቀረሁ።

ዛሬ ዮናስ መርከቡን ትቶ፣ ኮሎምበስ መጥቶ፣ ዳር ላይ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር ከሚስቱ ጋር ይኖራል፤ አባቴም ቅዳሜና እሑድን እዚያ ነው። እኔ ሥራ አግኝቼ የባሕር ዳርቻ ከተማ ገባሁ። ሰመር ላይ ቴሌቪዥኑ ስለ ሃሪኬን ባወራ ቁጥር አባቴ ደውሎ ንፋሱን፣ ማዕበሉን ይጠይቀኛል፤ ቤቴ ከውኃው ሩቅ ነው ብዬ ብነግረውም አያምነኝም፣ እህል አልበላ እንዳለው እናቴ ትነግረኛለች። ልጅ ሆኜ የተመኘሁት ይኸው ሁሉ ደረሰኝ። ባለፈው ጊዜ ግን ገና ምን ያህል ንፋስ እንዳለ ስነግረው፣ ከኋላው የዮናስ ድምፅ «አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል» ሲል ተሰማኝ። አባቴ መልሼ እደውላለሁ ብሎኝ ዘጋው። መስኮቶቼን ዘጋግቼ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ዝናቡን እያዳመጥኩ፣ በወንድሜ ቀናሁ።