የጓደኛዬን ተራ የወሰድሁ ዕለት

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈለግሁም፤ ለዚያ ነው የተነሣሁ። ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ቤቱ የእህታችን ነው፣ ጎረቤትም ጆሮ አለው። እልል ማለት ያማረው በልቡ ይበል፤ በልብ የተባለውንም የሚሰማ አምላክ ነው ያለን፣ ስሙ ይባረክ።

ሽማግሌያችን ተናገር ያሉኝ በተለይ ከፊት ለተቀመጣችሁት ለእናንተ ነው። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሳችሁ ሥራ ስትፈልጉ ዓመት ሊሞላችሁ ነው። “አንተ ፋብሪካ ገብተህ የለም እንዴ፣ መንገዱን አሳያቸው” አሉኝ። እሺ አልሁ። ግን እኔ በገባሁበት መንገድ ማንም እንዲገባ አልፈልግም። ስለዚህ ምክሩንም ኃጢአቴንም አንድ ላይ ነው የምነግራችሁ፤ ለያይቼ መናገር አልችልበትም።

የመራዊ ልጅ ነኝ። ምንውየለት የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የተማርነው። ፈተናው ሁለታችንንም ዩኒቨርሲቲ አላስገባንም፣ እሱ ግን ከእኔ የተሻለ ነጥብ ነበረው። ባሕር ዳር መጣንና ሐይቁ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየን። ያን ጊዜ ፋብሪካው ሁሉ የመንግሥት ሆኗል። የሚያውቁትን ሰው ይዞ በር ላይ ቆሞ መቀጠር ቀርቷል። ሥራ ማገናኛ ቢሮ ትመዘገባለህ፣ ካርድ ትወስዳለህ፣ ተራ ትጠብቃለህ። ፎርሙ ላይ የመደብ መሠረት የሚል ነበረበት፤ ሁላችን “ደሃ ገበሬ” ብለን ሞላን። ከጎናችን የሚሞላው ልጅ አባቱ ወፍጮ ቤት የነበራቸው ናቸው፤ እሱም ደሃ ገበሬ ነኝ አለ። ምንውየለት ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። ሳቂታ ነበር።

የቢሮው ሥርዓት እንዲህ ነው። ስምህ ሲጠራ በቦታው መገኘት አለብህ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አቤት ያላለ ሰው ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ይወርዳል። ችግሩ፣ መቼ እንደሚጠሩህ አይታወቅም። በየቀኑ ቢሮ ደጅ ከዋልህ ደግሞ ምን ትበላለህ? ስለዚህ እኛ ሥራ ፈላጊዎቹ የራሳችንን ልማድ አበጀን። ሁለት ሁለት ሆነን እንጣመራለን፤ አንዱ የሁለቱንም ካርድ ይዞ ቢሮ ይውላል፣ ሌላው የቀን ሥራ ይሠራል። የጓደኛህ ስም ከተጠራ ካርዱን ከፍ አድርገህ “አለ፣ አመጣዋለሁ” ትላለህ። ጸሐፊው ደግ ሰው ነበር፣ እስከ ምሳ ሰዓት ይጠብቅልሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የተቀጠረው። እኔና ምንውየለትም አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ እያልን እንቀያየር ነበር። የቀን ሥራችን ከዘጌ በታንኳ የሚመጣውን እንጨት ከሐይቁ ዳር ወደ ገበያ መሸከም ነው።

አንድ ማክሰኞ ቢሮ የምውለው እኔ ነበርሁ። ጸሐፊው በሩ ላይ ወጣና ለፋብሪካው ፈትል ክፍል ሰው ይፈለጋል አለ። አንድ ሰው። ዝርዝሩን አየና “ምንውየለት” ብሎ ጠራ።

ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። እጄም ካርዱ ላይ ነው። ወገኖቼ፣ ሰይጣን አሳሳተኝ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አላሳሳተኝም፤ አስቤበት ነው። አብረን ስለተመዘገብን ከእሱ ቀጥሎ ያለው ስም የእኔ መሆኑን አውቅ ነበር። ሁለተኛ ጠራ። ዝም አልሁ። ሦስተኛ ጠራ። እስከ ሐይቁ ድረስ ሮጬ ብሄድ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ዝም አልሁ። ከዚያ የእኔን ስም ጠራ።

“አቤት” አልሁ።

ከሰዓት በኋላ ምንውየለት ትከሻው ተልጦ መጣ። ተቀጠርሁ አልሁት። የእኔስ ስም ተጠራ ወይ አለኝ፤ አልተጠራም አልሁት። አቀፈኝ። ደስታው የእውነት ነበር፣ ያንን ነው እስከ ዛሬ መርሳት ያልቻልሁ። ለፋብሪካ የሚሆን ጫማ የለህም ብሎ የራሱን ሰጠኝና እሱ በሸበጥ እንጨት ይሸከም ጀመር። ስሙ ወደ መጨረሻ መውረዱን አላወቀም። ተራዬ እየደረሰ ነው ይለኝ ነበር፤ እኔም አዎ እለው ነበር።

ካርዳችሁን በራሳችሁ እጅ ያዙ ስላችሁ ከዚህ የተነሣ ነው። ለማንም አደራ አትስጡ አልልም፤ የሰው አደራ ከተቀበላችሁ ግን ያ ካርድ ወረቀት አይደለም፣ ሰው ነው።

በተቀጠርሁ በስድስተኛው ወር ገበያ ውስጥ ለጦር ሜዳ የሚሆን ወጣት አፈሳ ሆነ። አብረን ነበርን፤ ሁለታችንንም ይዘው አሰለፉን። እኔ የፋብሪካ መታወቂያዬን አወጣሁ፣ ተለቀቅሁ። እሱ የሥራ ፈላጊ ካርዱን አወጣ። ወታደሩ አየውና ካርዱን መልሶለት ወደ መኪናው አመለከተው። መኪናው ላይ ሲወጣ “እናቴን አንተ ንገራት፣ አትደንግጪ በላት” አለኝ። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ዓመት አልፎ ከሰሜን ጦር ግንባር መርዶው መጣ። መርዶ ነጋሪዎቹ እኔን ይዘው ነው ወደ መራዊ የሄዱት፣ ጓደኛው ነው ብለው። እናቱን እማማ አትጠገብን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ነው የማውቃቸው። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ለመጣው ሰው ሁሉ “አብሮት የኖረው ይህ ነው፣ የእሱ ምትክ ይህ ነው” ይሉ ነበር። እኔም ተቀመጥሁ። የእሱ ምትክ መሆኔን እሳቸው ከሚያስቡት በላይ አውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ደረቴ የታመመ። ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ ሲጀመር ስም ይጠራል። የእኔ ስም ሲደርስ ትንፋሼ ይቆለፋል፤ አቤት ማለት አልችልም። እጄን አነሣለሁ። አለቃዬ ምላስህን ማን ወሰደብህ እያለ ያፌዝብኝ ነበር። ሰው ሁሉ የጥጥ ብናኝ ነው አለ። ሐኪሙ አስነሥቶ፣ አስቀምጦ፣ ራጅ አየ። “ሳንባህ ንጹሕ ነው። እዚህ የምሰጥህ መድኃኒት የለኝም፤ የሚያስጨንቅህ ነገር ካለ ለሰው ንገር” አለኝ። ለማን ልንገር?

እህት ጫልቱን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ይኸው እዚያ ጥግ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ፋብሪካው አዲስ ማሽን አምጥቶ የቆዩት ሠራተኞች ተቸግረው ነበር። ከእኛ እኮ ይልቅ ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ ግን አላውቅም ማለት አፈሩና ከቦታቸው ተነሡ። ጫልቱ ከወለጋ መጥታ ፋብሪካ ስትገባ የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ደብተር ይዛ ባለሙያዎቹን ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ ነገም ያንኑ ደግማ ትጠይቃለች። በመጨረሻ እኔን ዐሥራ ሁለት የጨረስሁትን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ልጆች፣ ማሽን ሰርተፊኬት አያነብም። አላውቅም በሉ፣ ጠይቁ። ይህ ከሰርተፊኬታችሁ ይበልጥ እንጀራችሁን ያቆይላችኋል።

አንድ ቀን በምሳ ዕረፍት ጫልቱ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። “ስምህ ሲጠራ አየሁህ። ምን አድርገህ ነው ስምህን የምትፈራው?” አለችኝ። ያን ያህል ቀጥታ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኋት። ስጨርስ አላጽናናችኝም። አለቀሰች። ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነው ያለቀሰችው፤ ፊቷን አይታችሁ ቢሆን ታውቁ ነበር። ቆይታ ኢየሱስ በሰው የሞት ተራ ገብቶ እንደ ተሰለፈ፣ የራሱ ባልሆነ ስም አቤት እንዳለ ነገረችኝ። እኔ ከሰው ላይ ወሰድሁ፣ እሱ ለሰው ሰጠ። እዚያው የጥጡ ክምር አጠገብ አብሬያት ጸለይሁ። ጌታ ይመስገን፣ የዚያን ቀን ተቀበለኝ።

ወዲያው ሰላም ሞላኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ጫልቱ “ለጌታ ነገርኸው። እናቱስ?” አለችኝና ሦስት ወር ሸሸኋት። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርሁና መራዊ ወረድሁ።

እማማ አትጠገብ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። መጣህ ልጄ ብለው ሊነሡ ሲሉ እግራቸው ሥር ተደፋሁ። የእሱ ስም ነበር የተጠራው፣ ካርዱ በእኔ እጅ ነበር፣ ዝም ያልሁ እኔ ነኝ አልኋቸው። ስለ ጫማውም ነገርኋቸው። ምንም አላስቀረሁም።

ምስሩን መልቀም አላቆሙም ነበር። ቆይተው “ስንት ጊዜ ጠሩት?” አሉኝ።

“ሦስት ጊዜ።”

“ሂድ” አሉኝ። “አሁን ከፊቴ ሂድ።”

ሄድሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ አለቀስሁ። ሰኞ ፈረቃ ሲጀመር ግን አለቃው ስሜን ጠራ፣ አቤት አልሁ፤ ደረቴ አልተቆለፈም። ጌታ ስሙ ይባረክ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቆለፈም። ብቻ ይህን ፈውስ ስነግራችሁ ደስታዬ ሙሉ አይደለም። እኔ ተነፈስሁ፤ ምንውየለት የት እንደ ተቀበረ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ፈረቃዬ በፈቀደ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ መራዊ እሄዳለሁ። እንጨታቸውን እፈልጣለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አያናግሩኝም፤ አያባርሩኝምም። ብዙ ወር እንዲሁ ሆነ። ጎረቤቶቻቸው ምን አጣላችሁ ሲሏቸው ምንም ይላሉ። ለማንም አልነገሩብኝም።

ያለፈው ቅዳሜ ጨርሼ ልሄድ ስል በርጩማ አወጡና “ተቀመጥ” አሉኝ። ተቀመጥሁ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

“ልጄ ባሕር ዳር ሳለ ሰው ሁሉ ደህና ነበር ይለኛል። ወታደር ቤት አብሮት የነበረው መጥቶ ደህና ነበር አለኝ። ማንንም አላመንሁ። አንተ በራስህ ላይ ያንን ከነገርኸኝ አትዋሸኝም። ይራብ ነበር?”

“አዎ፣ ይራብ ነበር” አልኋቸው።

“ይስቅስ ነበር?”

“ይስቅ ነበር፣ እማማ። እስከ መጨረሻው ቀን።”

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉና አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ስለ ወፍጮ ቤቱ ልጅ ፎርም ነገርኋቸው፣ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ክፍላችን፣ የመጣልኝን ሁሉ። እስኪመሽ ድረስ ሌላ ንገረኝ ሌላ ንገረኝ አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ስነሣ ግን “የሚመጣው ቅዳሜ የቀረውን ትነግረኛለህ” አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ቆሜ ጌታን ሳመሰግን የምታዩኝ እኔ በዚህ በእማማ ቃል ነው የምኖረው። እናንተ ልጆች፣ ሥራ ታገኛላችሁ፤ ጌታ አይጥላችሁም፣ እመኑት። የሰው ተራ በእጃችሁ ይዛችሁ እንደ ሆነ ግን ሥራው ይቆይ፣ ዛሬውኑ ሂዱና ንገሩ። እኔ ዘግይቼ ነው የሄድሁት። ጌታ ዘግይቼ ብመጣም ተቀብሎኛል፤ ምንውየለትን ግን አላገኘሁትም። ለሰማችሁኝ ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።