ማሽኑ ያልጮኸበት ክፍል

በጥርስ ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ከጎኔ የተቀመጠው፣ ተቀመጠ ከተባለ፣ ቁጭ ብድግ የሚል ሰውዬ ነው። ኮቱን ይቆልፋል፣ መልሶ ይፈታል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ካገኘሁ ዓይኔን አልነቅልም! ሴት ልጁ ውስጥ ናት፤ ቢነቀል ዳግም የማይበቅል የመንጋጋ ጥርሷን ትል በልቶታል። ድንገት ተነሥቶ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ።

«እህቴ፣ ማሽኑ ለምን አይጮህም? ሊነቅሉት ነው እንዴ?» አላት ነርሷን።

«ኧረ ጋሼ፣ በሩን ሊገነጥሉት ነው! ማሽን አያስፈልግም። የበሰበሰውን ብቻ በትንሽ ማንኪያ ጠርገው ይሞሉታል።»

«ደህናውስ?»

«ደህናውን ማን ይነካዋል?»

ተመስገን፣ አሁን ይረጋል አልኩ። እሱ ግን ቆሞ ቀረ። ምላሱ ጉንጩን ከውስጥ ሲገፋ አየሁ፤ ጥርሱ የተነቀለበትን ቦታ እየዳሰሰ ነው።

«የኔም፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይተርፍ ነበር ማለት ነው?»