ከጋቢው ሥር ያሉት እጆች

ሞጣ፣ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሰው እጆቹን ከጋቢው ሥር አያወጣም። ጥምጣሙ ንጹሕ ነው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ «መሪጌታ» እያለ እጅ ይነሣዋል። እሱም ወባው እያንቀጠቀጠው ለእያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ይመልሳል።

ወባ የት የት እንደተነሣ ካርታ ላይ የማሰፍረው እኔ ነኝና «ሰሞኑን የት ነበሩ?» አልኩት።

«ቢቸና፤ ቅኔ ሳስተምር» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ቢቸና ላይ ቀይ ነጥብ አኖርኩ። የትንኝ መድኃኒት የሚረጩት ልጆች ነገ ወደዚያ እንዲሄዱ ስደውል ሰማኝ። ክኒኑን ተቀብሎ ወጣና ከበሩ ተመለሰ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ እስክንቀር ጠብቆ አንድ እጁን አወጣ። መዳፉ ተልጧል፤ የማጭድ ቁስሉ ገና አልደረቀም። ካርታው ላይ ጣቱን ከቢቸናው ቀይ ነጥብ አሻግሮ ወዲያ መተማ ላይ አሳረፈው።

«ሰሊጥ አጨዳ ነበርሁ። መሪጌታው ለቀን ሥራ ቆላ ወረደ እንዳይሉኝ ብዬ ነው። ልጆቹን በከንቱ አያድክሙብኝ።»

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኙትና «መሪጌታ፣ ቢቸና እንዴት ሰነበተች?» አሉት።

እጁን ቶሎ ወደ ጋቢው መለሰ።

«ቢቸናማ ደኅና ናት» አለ።