አንድ ንባብ ለሦስት መሳቢያ

በሆስፒታላችን ካርድ ክፍል በእውነተኛ ስማቸው ጠርቷቸው የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም እትዬ አንዴ ነው የምንላቸው። ስሙ የወጣላቸው ማንኛውንም ወረቀት አንዴ ብቻ ስለሚያነቡ ነው። የአለቃ ደብዳቤም ይሁን የግድግዳ ማስታወቂያ፣ አንዴ ካዩት ወዲያ መልሰው አያዩትም። "ዓይኔን ከመንገድ አንስቼ አላመጣሁትም" ይላሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩበት ሥራ ያስተማራቸው ልማድ ነው። ጠዋት ጠዋት ድነው የወጡ በሽተኞች ወረቀት ተቆልሎ ይመጣል። እትዬ አንዴ መሃል ላይ ይቀመጣሉ፤ ሦስት ጸሐፊዎች ደግሞ በሦስት መሳቢያዎች ፊት ይቀመጣሉ፤ አንዷ በስም፣ አንዱ በሰፈር፣ ሌላዋ በበሽታ መሳቢያ። እሳቸው ያንን ዶሮ የጫረው የሚመስል የሐኪም ጽሑፍ ቃል በቃል እየቆራረጡ፣ በየቃሉ መሃል ትንሽ ዝም እያሉ፣ ጮክ ብለው ያነባሉ። "የተከበሩ"፣ "ከላይ እንደተጠቀሰው" የመሳሰለውን ገለባ ራሳቸው ይዘሉታል። ሦስቱ ያንኑ አንድ ንባብ ሰምተው የየራሳቸውን ብቻ ይመዘግባሉ። የስሟ ጸሐፊ የሰማችውን እንዳለ ትጽፋለች፤ የበሽታዋ ግን "ሲያስለው" ቢባልም "ሳለ" ቢባልም ሁሉንም "ሳል" በሚለው ካርድ ላይ ታሰፍራለች። የወረቀቱ ቁጥር በሦስቱም ዘንድ አንድ ነው። በዚህ መንገድ በቀን ሁለት መቶ ወረቀት ያልቅ ነበር።

እኔ የመጣሁት ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባ ነው። ጽሑፉን ታይፒስቶች ዓመት ሙሉ ሲለቅሙት ከርመዋል፤ የእኔ ድርሻ ፍለጋውን መሥራት ነበር። ሦስት ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ለስም አንድ፣ ለሰፈር አንድ፣ ለበሽታ አንድ። እያንዳንዱ ወረቀቱን ከሀ እስከ ፐ ያነባል፣ ቃል በቃል ይቆራርጣል፣ የሚፈልገውን ይዞ የቀረውን ይጥላል። አንዱ ከሌላው ምንም አይቀበልም። በሥራዬ በጣም ኮርቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዚህ መሃል እትዬ አንዴ ታመሙ። የሐሞት ጠጠር ነው ተባሉ፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ለዓርብ ቀዶ ጥገና ተቀጠሩ። ቀዶ ሐኪሙ እንደ ወጉ ጠየቃቸው፤ "ከዚህ በፊት የማይስማማዎት መድኃኒት ነበር?"

"ነበር እንጂ! ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ትርፍ አንጀቴን አውጥተውልኝ ሲያበቁ አንዲት መርፌ ትንፋሼን ቆርጣ ልትገድለኝ ነበር። የትኛዋ እንደሆነች ግን አላውቅም።"

"እንግዲያው ካርድዎ ይምጣ። ሳላውቅ ብወጋዎት እንደገና ትንፋሽ ሊያጥርዎ ይችላል። ከዓርብ ማሳለፉም ጥሩ አይደለም።"

ካርዱ ግን የለም! የስሙ መሳቢያ ሁለቴ ተገለበጠ፣ የሰፈሩና የበሽታውም ታየ፣ ምንም አልተገኘም። የከተማውን ሰው ሁሉ ካርድ ሲያወጡ የኖሩ ሴት የራሳቸውን አጡት። ምክንያቱን ራሳቸው ያውቁታል። ያን ወር እሳቸው አልጋ ላይ ስለነበሩ አንባቢ አልነበረም፤ ሦስቱ ጸሐፊዎች ወረቀቱን እየተቀባበሉ ሁሉም ለየራሱ አንብቧል፣ ሁሉም እንደየራሱ ቆራርጧል። "የዚያ ወር ወረቀት እብድ ነው" ይሉናል ሁልጊዜ።

ስለዚያ ሕመም ሲያወሩ የሚያስቁን በእህታቸው ነበር። "አስታማሚዬ እህቴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረውና። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ስትታገል እሷ ወንበር ላይ ታንኮራፋለች! ራሷ ናት የነገረችኝ፤ 'ምንም አላየሁም፣ ተኝቼ ነበር' ብላ።" ከዚያ በኋላ እህታቸውን እስክትሞት ድረስ "እንቅልፋሟ" እያሉ ነው የጠሯት። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሁሉንም ወረቀት አገላብጦ ለመጨረስ ዘጠኝ ቀን እንደሚፈጅ ነገረኝ። ዓርብ አራት ቀን ብቻ ቀርቶታል። ምን ይዋጠኝ! እትዬ አንዴ ሆዳቸውን ደግፈው መጡና አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ምን እያደረገ ነው እንዲህ የሚጎተተው?"

"ወረቀቱን ለስም ያነበዋል። ከዚያ ለሰፈር እንደገና ያነበዋል። ከዚያ ደግሞ ለበሽታ…"

"ያንኑ ወረቀት?"

"አዎ፣ ያንኑ።"

"ደንቆሮ ነው እንዴ? አንዴ ሲነገረው አይሰማም?"

ተናደድኩ። የኮምፒውተር አሠራር የተለየ መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ብዙ አወራሁ። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

"ልጄ፣ እኔ በሌለሁበት ወር የሆነው ይኸው ነው። አንድ አንባቢ አስቀምጥና ሦስቱ ይስሙት።"

እኔ በስድስት ወር ልፋት የሠራሁት ያንን እብድ ወር ኖሯል! ቁጭ ብዬ አፈረስኩት። ፊት ላይ አንድ ቆራራጭ ብቻ አስቀመጥኩ፤ ያነባል፣ ይቆራርጣል፣ ገለባውን ይጥላል፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ቃሉ ለሦስቱም ይደርሳል፤ እያንዳንዱ የሚጨምረው የራሱን የመጨረሻ ሥራ ብቻ ነው። ከገለባው በቀር የተቆራረጠው ቃል ሁሉ ከነወረቀቱ ቁጥር አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ፣ ማንም መሳቢያ ያልፈለገው ቃል እንኳ አይጠፋም። ሰኞ ከሰዓት አስነሳሁት። ሐሙስ ጠዋት ስገባ ጨርሶ ጠበቀኝ።

የእትዬ አንዴን እውነተኛ ስም ጻፍኩና በየትኛውም መሳቢያ ይሁን፣ ያለበትን ሁሉ እንዲያመጣ ጠየቅኩት። የዚያ ወር አንድ ወረቀት መጣ። በስም መሳቢያው የተመዘገበው ግን በእህታቸው ስም ነበር! ጸሐፊዋ ብቻዋን ስታነብ ከላይ "አስታማሚ" በሚለው መስመር ያለውን ስም የበሽተኛዋ መስሏት ገልብጣዋለች። የእትዬ አንዴ ስም ያለው ከታች፣ በነርሷ ጽሑፍ መሃል ነው።

በቁጥሩ ሄደን ዋናውን ወረቀት ከመደርደሪያው አወጣነው። ከቀዶ ጥገና ክፍል የተላከች ነርስ እስክሪብቶ ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። እትዬ አንዴ መነጽራቸውን አድርገው እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

"በሽተኛዋ… ከሰዓት በኋላ… መርፌው… ከተሰጣት በኋላ… መተንፈስ… አቆመች።"

የመርፌውን ስም ሁለት ቦታ ቆርጠው አነበቡት። ነርሷ ጽፋ ሮጠች። ቀዶ ጥገናው በማግስቱ በሰላም አለቀ፤ አሁን ደህና ናቸው፣ እንደ ድሮው ይቆጡናል። የዚያን ዕለት ግን ነርሷ ከወጣች በኋላም ማንበባቸውን አላቆሙም። የጀመሩትን ወረቀት መሃል ላይ ጥለው አያውቁም።

"እህቷ… ጮኻ… ጠራችን። በክፍሉ… ሌላ ሰው… አልነበረም። አንድ ደቂቃ… ብትዘገይ… አናተርፋትም ነበር። እህቷ… በሽተኛዋ… እስክትነቃ… አራት ቀን… ዓይኗን… አልከደነችም። ለበሽተኛዋ… እንዳይነገራት… ለምናናለች፤… ትደነግጣለች ብላ።"

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

"ተኝቼ ነበር ነው እኮ ያለችኝ" አሉ እትዬ አንዴ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንቅልፋሟ ስላት… አብራኝ ትስቅ ነበር።"

ወረቀቱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አንዴ ካነበቡት ወዲያ ማስረከብ ነው ልማዳቸው። አልሰጡኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉትና ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ።