ይቺን ስፌት ልጨርስ

ጥግ ያለችው ልብስ ሰፊ የማታውቀው ቁጥር ሲደወልላት ሁልጊዜ ታነሳለች። ከአጠገቧ የበር ቁልፍ የሚቀርጸው ሽማግሌ በዚህ ነገር ሲቆጣት ይውላል።

«አንቺ ልጅ፣ ያገር አጭበርባሪ ሁሉ ደንበኛሽ ሆነ እኮ! ዝም ብለሽ አታንሺ!»

«ድንቡሼ ቢሆንስ፣ ጋሼ?»

ድንቡሼ ታናሽ ወንድሟ ነው። ቅጽል ስሙ የሕፃንነት ጉንጩን ያስታውሳል እንጂ ዛሬ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ስልክ አይበረክትለትም፤ አንዱን ወንዝ ውስጥ ጣለው፣ ሌላው ላይ ጎማ ሄደበት። ስለዚህ ከሾፌር፣ ከባለሱቅ፣ ከመንገደኛ እየተዋሰ፣ ሁሌም በአዲስ ቁጥር ነው የሚደውለው። አላነሳም ካለች ወንድሟን ታጣለች። ካነሳች ደግሞ «ዕጣ ወጥቶልሻል» ባዩም፣ «ከባንክ ነው፣ የምስጢር ቁጥርሽን ንገሪን» ባዩም ይመጣባታል።

ታዲያ እንዴት ትለያቸዋለች? ደስ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አስባ የፈጠረችው ዘዴ እንኳ የለም። የጀመረችውን ስፌት መሀል ላይ አታቆምም፣ ካቆመች መስመሩ ይዛነፍባታል። ስለዚህ ማንም ይደውል ማን፣ «ይቺን ስፌት ልጨርስ» ትልና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። የስፌት መኪናዋ ትርርር ይላል። ባለዕጣው «ሴትዮ፣ ጊዜ የለንም!» እያለ ይቁነጠነጣል። ባለባንኩ አስፈራርቶ፣ አስፈራርቶ ይዘጋል።

ልብ ብላችሁ እዩት፤ የአታላይ ትልቁ መሣሪያ የእኛ ጥድፊያ ነው። ሰው ለአፍታ ካሰበ፣ ጎረቤቱን ካማከረ፣ ወሬው እንደ እምቧይ ካብ ይናዳል። እውነተኛ ጉዳይ ያለው ይጠብቃል፤ ካልተመቸውም መልሶ ይደውላል። ድንቡሼማ በእህቱ መኪና ድምፅ እንቅልፍ እየወሰደው ያደገ ልጅ ነው፤ መጠበቁን ይወደዋል።

ድምፁ ከጠፋ ሳምንታት አልፈው ነበር፤ አንድ ጠዋት እጅጌ እየሰፋች ስልኳ ጠራ።

«ወንድምሽ አደጋ ደርሶበታል! ሆስፒታል ነን።»

«ማን? ድንቡሼ?»

«አዎ፣ ድንቡሼ! ደሙ እየፈሰሰ ነው፤ አሁኑኑ ገንዘብ ካልላክሽ አይነኩትም!»

ስሙን ያውቃል!

«የትኛው ሆስፒታል?»

«ልጁ እየሞተ ጥያቄ ትጠይቂኛለሽ? ላኪ!»

የምታደርገው ጠፋት። እግሯ ግን እንደ ልማዱ መርገጫውን ጫነ። «ይቺን… ይቺን ስፌት ልጨርስ» አለች። ሰውየው ጮኸ፣ ተሳደበ፣ «አንቺው ገደልሽው!» ብሎ ዘጋ።

ሽማግሌው ሞረዱን እንደያዘ መጣ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ቃል በቃል።»

ነገረችው።

«ቆይ፤ ‹ድንቡሼ› ብሎ መጀመሪያ የጠራው ማነው?»

«እኔ።»

«አየሽ? ካፍሽ ለቅሞ ለራስሽ መልሶ ሊሸጥልሽ!»

እውነትም እንዲህ ነው የሚሠራው። ደዋዩ ከብዙ ሰው አንዱ ወንድም እንደማያጣ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የቀረውን በድንጋጤያችን የምንሞላለት እኛ ነን። «ወንድምሽ» ሲላት «ስሙ ማነው?» ብትለው ኖሮ እዚያው ላይ በቆመ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የተንሻፈፈውን እጅጌ መተርተር ጀመረች። «ገባኝ፣ ጋሼ። ግን ውሸታም ደወለ ማለት ልጁ ደህና ነው ማለት አይደለም።»

ሽማግሌው በርጩማውን አምጥቶ ከበሯ ላይ ተቀመጠ፤ ቁልፎቹንም እዚያው ሆኖ ሲሞርድ ዋለ።

ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ስትወርድ ስልኩ እንደገና ጠራ። አዲስ ቁጥር። እጅጌው አጋማሽ ላይ ነበረች፤ ያን ቀን ግን ስፌቱን ጥላ ስልኩን በሁለት እጇ አፈፍ አደረገችው። «ሃሎ» ለማለት ድምፅ አጣች።

«እትዬ?» አለ ከወዲያ። «እትዬ! መኪናዋ ለምን ዝም አለች? አመመሽ እንዴ?»

እንባዋ ቀደማት።

«ማነው ያነሳው? እህቴን አቅርቡልኝ! እህቴ ብትሆን ስፌቷን ትጨርስ ነበር!» ጩኸቱ በሩ ድረስ ተሰማ።

ሽማግሌው በሩ ላይ ሆኖ በሳቅ ፍርስ አለ። «ወይ ጉድ! ፈታኟ ራሷ ተፈተነች!»

አፏ እምቢ አላት። ስልኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መርገጫውን ጫነች። ትርርር።

ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ የሌላ ሰው ድምፅ መጣ፦ «ወንድሜ፣ ስልኬን ወስደህ ዝም ብለህ ምንድን ነው የምትሰማው?»

«እህቴን» አለ ድንቡሼ። «ትንሽ ታገሰኝ፤ እጅጌ ላይ ናት።»