በእንጨት የገባሁበት መዋዕለ ሕፃናት

ዛሬ ጉርድ ሾላ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ጎንበስ ብዬ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ሳምኩ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

ጋሽ ከድር ናቸው። በደርግ ጊዜ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቀበሌ ሊቀመንበር ነበሩ።

እናቴ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመችና እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ተራራ ስትወጣ እኔን የምትተውበት አልነበራትም።

የጋሽ ከድር ቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ነበረው። ወጪው ከቀበሌው ሱቅ ትርፍ ስለሚሸፈን የሌላ ቀበሌ ልጅ አይቀበልም።

እናቴ እንጨቷን እንደተሸከመች ልትለምናቸው ገባች። ጠረጴዛውን መቱት። "የሕዝብ ንብረት ለማንም በነፃ አይሰጥም!" (ያኔ ጠረጴዛ የማይመታ ሊቀመንበር የት ነበር?)

ከዚያ ጀርባዋን አዩ። "ይሄን እንጨት የት ልትወስጂው ነው?"

"ገበያ ነው፣ ጌታዬ።"

"ጓድ በይኝ! ለልጆቹ ገንፎ ማብሰያ እንጨት ቸግሮናል። ከነገ ጀምሮ አንቺ ታቀርቢያለሽ። ለመዋዕለ ሕፃናቱ የሚሠራ ሰው ልጁን እንዲያስገባ መመሪያው ይፈቅዳል።"

በማግስቱ ገባሁ። እናቴ እስክትሞት ድረስ "ልጄን በልመና አላስገባሁም" እያለች ትኮራ ነበር።

ዛሬ "ለእኛ ብለው መመሪያ ጣሱ አይደል?" ብላቸው ተቆጡ።

"ምን ጣስኩ? እናትሽ ባትኖር ያ ሁሉ ልጅ ጥሬ ዱቄት ሊቅም ነበር!"

እናንተስ፣ መመሪያውን አገላብጦ በር የፈለገላችሁ ሰው አለ? እስቲ ስሙን እዚህ ጻፉልኝ። በሕይወት ካለ ግን መጀመሪያ ሄዳችሁ ጉልበቱን ሳሙ።