ጉርሻ የከለከለው በላይነህ

በላይነህን የማያውቅ የአዋሳ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። እኔ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ የሕይወት ታሪኩን እኔው ብጽፈው ይሻላል። ረጅም አይደለም። መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ «ይርጋለም! ዲላ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጮኽ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ አውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ማለት ነው። አብዮቱ ሲመጣ እንዲህ ያለ ጉሮሮ ተፈላጊ ሆነ። ቀበሌያችን ሞንታርቦ መግዛት ስላልቻለ በላይነህን ወሰደ። ከዚያ በስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድሞ በማጨብጨብ ብቻ እየወጣ እየወጣ፣ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የጤናና ንጽሕና ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ሹመት ያዳብር አልነው። ስለ ጤና የሚያውቀው ነገር ቢኖር እሱ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ነው።

በዚያው ክረምት ተቅማጥና ትውከቱ ገባ። ስሙን ደፍሮ የሚጠራ አልነበረም፤ «ይህ ነገር» እንለው ነበር። እኔ ያን ጊዜ ድሬሰር ነበርኩ። መርፌ የምወጋ፣ ቁስል የማጥብ ሰው ነኝ፤ ሕዝቡ ግን ነጭ ጋዎን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ይላል፤ እኔም ተዉ አላልኩም።

ለምግብ ቤቶችና ለመጠጥ ቤቶች መመሪያ ይውጣ የሚል ትእዛዝ ከበላይ ሲመጣ፣ በላይነህ ወረቀት ይዞ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣ። የመመሪያውን አራት ነጥቦች እኔ ነገርኩት። የሚጠጣ ውሃ ይፈላ። ብርጭቆና ብርሌ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ሳይቀቀል አይለፍ። ጥሬ ሥጋና ጥሬ ዓሣ ይቅር። ተመጋቢ ሁሉ በሳሙናና በረኪና በገባበት ውሃ እጁን ይታጠብ። አምስተኛውን ራሱ ጨመረ፤ «በምግብ ቤት ውስጥ ጉርሻ መስጠትም ሆነ መቀበል በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

«እጁን ታጥቦ ካጎረሰ ምን ችግር አለው?» አልኩት።

«ዶክተር፣ ጉርሻ የፊውዳል ርዝራዥ ነው። ጌታ ሎሌውን የሚያጎርሰው ነገር ነው» አለኝ።

በሆዴ ሳቅሁበት። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ ያለው የውሃ ጉድጓድ ከሽንት ቤቱ አሥር እርምጃ እንደማይርቅ፣ መጀመሪያ መዘጋት ያለበት እሱ እንደሆነም ነገርኩት። «የቀበሌውን ስም ልታጠፋ ነው?» ሲለኝ ተውኩት። ከታች «ባለሙያው» በሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩ።

ከዚያ በላይነህ ፊሽካ ገዛ። ምግብ ቤት በር ላይ ይቆምና የአንድ ሰው እጅ ወደ ጎረቤቱ አፍ ሲሄድ ካየ ይነፋል። ልጇን ስታጎርስ በነበረች እናት ላይ ነፍቶ ልጁ ትን ሊለው ደረሰ። ሰው በገዛ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ እንደ ተጣላ ሰው ይበላ ጀመር። ወደ ጠጅ ቤቶቹ ግን ፊሽካው አይሄድም ነበር፤ እዚያ እሱም ደንበኛ ነውና፣ ብርሌውም እንደ ድሮው ሳይቀቀል ይዞር ነበር።

ታቢታ መናኸሪያው አጠገብ በቀበሌ ቤት ውስጥ አራት ጠረጴዛ ይዛ ዓሣ ጉላሽ የምትሸጥ መበለት ናት። ጴንጤ ስለሆነች ቤቷ መጠጥ አይገባም፤ ለዚህም በላይነህ ቤቱን ከድሮ ጀምሮ በክፉ ዓይን ያየዋል። እኔ በሥራዬ ያላየሁት ኩሽና የለም፤ እንደሷ ኩሽና ንጹሕ አላየሁም። በር ላይ በርሜሉ አለ፣ ሳሙናው አለ፣ ሳይታጠብ የሚቀመጥ የለም። ነገር ግን የበላይነህ ሚስት እህት ቤቱን ትፈልገው ነበር። የቀበሌው ደንብ ደግሞ ሠላሳ ቀን ሥራ ያቆመ የንግድ ቤት ለሌላ አመልካች ይሰጣል ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አንድ ቅዳሜ እኔና በላይነህ ለቁጥጥር ስንገባ፣ ደበሌ የሚባሉ፣ ከከተማው ውጭ ከቱላ የመጡ ሽማግሌ ከአማቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጁ ሴት ልጃቸውን ያለፈቃዳቸው ወስዶ ተጣልተው ኖረው፣ ያን ቀን መታረቃቸው ነው። ሁለቱም ሲታጠቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ደበሌ እርቁን ሊዘጉ ጠቀለሉና ልጁን አጎረሱት። ልጁ ዓይኑ እንባ ሞላ። በላይነህ ፊሽካውን ነፋ።

«ጓድ፣ የሰው እርቅ በኔ ቤት ይፍረስ ልበል?» አለች ታቢታ። «እጃቸውን ታጥበዋል። ዶክተርም አይተዋል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «መመሪያ መመሪያ ነው» አልኩ። ቤቱ በዚያው ሰዓት ታሸገ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ መጣች። «ዶክተር፣ አንዲት ወረቀት ብቻ። ቤቱ ንጹሕ ነው ብለው ይጻፉልኝ፤ ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ ይከፍትልኛል። ቤቱ ከሄደ እኔም ሄድኩ» ትለኛለች። ነገ እላታለሁ። የፈራሁት በላይነህን ነው። እስቲ አስቡት፣ በላይነህን!

ቤቱ በታሸገ በሃያ ስምንተኛው ቀን ከክፍለ ሀገሩ ካድሬ መጣ። ቀበሌያችን «ይህን ነገር» ድል ነሥቷል ተብሎ ለምስጋና በቀበሌው አዳራሽ ግብዣ ተደረገ። ዓሣውን ማን ይሥራ ሲባል ከታቢታ ሌላ ሰው አልተገኘም። ቤትሽ ለጤና አስጊ ነው ብለው ያሸጉባት ሰዎች ለእንግዳቸው የሷን እጅ ፈለጉ። መጣች፤ ሠራችም።

ካድሬው ከመኪና ወርዶ የመቶ ሰው እጅ ጨበጠ። ማስታጠቢያው ሲመጣለት «ተወው፣ ርቦኛል» ብሎ ተቀመጠና፣ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ በላይነህ ዘረጋ። በላይነህ ፊሽካው ደረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ አፉን ከፈተ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለ ካድሬው፤ ሁለተኛውን ሰጠው። ሦስተኛውን አስከተለ። በላይነህ ጉንጩ ተወጥሮ እያላመጠ በሁለት እጁ ያጨበጭብ ነበር።

ታቢታ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «ጓድ ሰብሳቢ» አለችው በላይነህን፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «የኔ ቤት በአንድ ጉርሻ ታሸገ። ይሄ አዳራሽ ስንት ቀን ይታሸጋል?»

«ምንድን ነው የምትለው?» አለ ካድሬው።

በላይነህ እንደምንም ዋጠና በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «ጓድ፣ እኔ አይደለሁም። ጉርሻ በሽታ ያስተላልፋል ብሎ የፈረመው እሱ ነው፣ ባለሙያው።»

«ና እስቲ ወንድሜ» አለኝ ካድሬው። ቀርቤ ቆምኩ። «እውነቷን ነው? ተናገር። ግን መጀመሪያ ጉረስ!»

የምናገረው ተዘጋጅቶ ነበር። ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ይከፈት። ይኸው ነው፤ ጉርሻው አፌ ሳይደርስ የሚያልቅ ነገር ነው። አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር ብዬ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ ውሸት ነው፤ ልጎርስ ነበር። ጎረስኩና አላመጥኩ። የሚላመጥ ነገር ካለቀ በኋላም አላመጥኩ። ካድሬው መልስ መጠበቅ ሰልችቶት ስለ መሠረተ ትምህርት መናገር ጀመረ፤ በላይነህ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ።

ታቢታ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ቀስ ብለው ያላምጡ፣ ዶክተር» አለችኝ። «ገና ሁለት ቀን አለኝ።»

ቤቱ ለበላይነህ ሚስት እህት ተሰጠ። ታቢታ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ወደ ቱላ ሄደች። በላይነህን እንደምንቀው ዛሬም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ፤ ሰዎችም እውነትህን ነው ይሉኛል። በነዚያ ሁለት ቀናት ጤና ጣቢያው ክፍት ነበር። ወረቀትም እስክሪብቶም ነበረኝ።